የማቆያው ስፒከር

በደቡብ ወሎ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ የእናቶች ማቆያ አለ፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ እናቶች የመውለጃ ቀናቸው ሲቃረብ እዚያ ይሰነብታሉ። ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል። ግን ልጆቻቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው የመጡ ናቸውና ሐሳብ አይለቃቸውም። የሚወራው ሁሉ ደግሞ የምጥ ወሬ ነው፤ አንዷ ያየችውን መከራ ስታወራ ሌላዋ እንቅልፍ ታጣለች።

ስፒከር ሲገባልን ደስ ያለን ለዚህ ነው። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ለስለስ ያሉ ትዝታዎች ተጭነውበት ከሰዓት በኋላ ይከፈት ጀመር። ብዙዎቹ ወደዱት። አንዲት እናት ግን በተከፈተ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ውጭ ትወጣለች።

አንድ ቀን የደም ግፊቷን ስለካ 142/92 ሆነ። ራሷን አያማትም፣ ዓይኗን አይጋርዳትም፣ ሽንቷ ላይም ፕሮቲን አልተገኘም። ቢሆንም በእርግዝና ጊዜ 140/90 የደረሰ ግፊት ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ አሳርፈን ከ4 ሰዓት ቆይታ በኋላ ልንደግመው ወሰንን። ጋደም እንዳለች ነባሯ ሲስተር አጠገቧ ተቀመጠች።

«አብሽሪ እህቴ። ዘፈኑ ምን አድርጎሽ ነው የምትሸሺው?»

«ሲስተር፣ የመጀመሪያ ልጄን የቀበርኩ ሰሞን ከጎረቤት ሬዲዮ ይሄው ዜማ ነበር የሚሰማው። አሁንም ስሰማው ይሄኛውም አይተርፍልኝ ይሆን እያልኩ ሆዴ ይረበሻል።»

«ታዲያ ቤትሽ ሆነሽ ሲጨንቅሽ ምን ትሰሚያለሽ?»

«መንዙማ። አባቴ ሐድራ ላይ የሚሉትን።»

ስልኳ ሜሞሪ ላይ ነበራት። ኤርፎን ተፈልጎ ተሰጣት፤ ስፒከሩም ተዘጋ። ሲደገም ግፊቷ 126/80 ሆነ። መንዙማው ብቻውን አወረደው አልልም፤ ዕረፍቱም አለ፣ የልቧን መናገሯም አለ። ክትትሏንም አላቋረጥንም። በኋላ በሰላም ተገላገለች።

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የታይዋን ጥናት 236 ነፍሰ ጡሮችን አሳትፎ ነበር። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ያዳመጡት እናቶች ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። እኔን የሳበኝ ከቀረቡላቸው ሙዚቃዎች መካከል እሽሩሩና የአገራቸው የልጆች ዜማ መኖሩ ነው። የሙዚቃ ሕክምና የሚባለው በራሱ የሠለጠነ ባለሙያ የሚሠራው ነው፤ እኛ ማቆያው ውስጥ የምናደርገው ማሰማት ብቻ ነው። ለማሰማትም ቢሆን ግን መጀመሪያ ሰሚዋን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዛሬ አንዲት እናት ማቆያ ስትገባ የምትወደውንም የማትፈልገውንም እንጠይቃታለን። አንዷ የማርያምን መዝሙር ትላለች፣ አንዷ የሠርግ ዘፈን፤ ዝምታ የምትመርጥም አለች፤ እሷንም እንተዋታለን። ኤርፎን ሆዳቸው ላይ ለሚለጥፉት ደግሞ ያ እንደማያስፈልግ እናስረዳለን። ፅንሱ ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ ይሰማል፤ ከሁሉም አጥርቶ የሚደርሰው የእናቱ ድምፅ ነው። እሷው ብታንጎራጉርለት ይበቃዋል።

ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት ወይም ከእምብርት በላይ የሚበረታ ሕመም ከመጣ ግን የሚያስጨንቃት ሐሳብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ያኔ ኤርፎኑን አውልቃ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወዲያው ትጥራን።