ጎንበስ ብዬ የገባሁበት ግቢ

ወደ ኮንሶ ባህላዊ መኖሪያ ግቢ የሚገባው ጎንበስ ተብሎ ነው። በሩ ከእንጨት የተሠራ አጭርና ጠባብ መተላለፊያ በመሆኑ፣ ክፉ አስቦ የመጣ ሰው ገና ቀና ሳይል ባለቤቱ ይደርስበታል። እኔም በአስጎብኚ ተመርቼ በዚህ በር ስገባ አንዲት እናት በድንጋይ ወፍጮ ማሽላ ሲፈጩ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን በራሳቸው ንቅናቄ ተቀበሉ እንጂ ማን እንደሆንኩና ከወዴት እንደመጣሁ አልጠየቁኝም፤ በዚያ በር በየዕለቱ ስንት የማያውቁት ሰው እንደሚገባ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

መንደሮቹ ያለ ጭቃ በተደረደረ የድንጋይ ካብ፣ አንዳንዶቹ እስከ ስድስት ዙር ድረስ፣ የታጠሩ ናቸው። ይህ መልክዓ ምድር ከነእርከኖቹ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባዕድን ለመከላከል የተካበው ካብ ዛሬ ባዕድ ሊያየው የሚመጣ ነገር ሆኗል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ሞራው ነው። ሞራ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ ወጣት ወንዶች መንደሩን እየጠበቁ የሚያድሩበት የጋራ ስፍራ ነው። አንድ ጎረምሳ ለአቅመ አዳም መድረሱን የሚያስመሰክርበት ከባድ ድንጋይም የሚገኘው እዚያው ነው፤ ድንጋዩን አንሥቶ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ መጣል አለበት። እኔ በነበርኩበት ሰዓት አንድ ጎብኚ ካሜራውን ለጓደኛው አቀብሎ ድንጋዩን ለማንሣት ሲታገል፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይነጋገሩ የነበሩ ሦስት አዛውንት ወሬያቸውን አቋርጠው ወደ ዳር ፈቀቅ አሉ። ማንም ተነሡ አላላቸውም፤ ለፎቶግራፉ ቦታ መልቀቃቸው ነበር።

ለጀግኖች መታሰቢያ ከእንጨት የሚቀረጹት ዋካዎችም ቦታቸውን ለቀዋል። ብዙዎቹ ተሰርቀው ስለተሸጡ፣ ከቀሩት በርካቶቹ ከቆሙበት ተነቅለው ካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም እንዲጠበቁ ተደርጓል። እርግጥ ነው ከስርቆት ድነዋል፤ ነገር ግን የአባቱን ዋካ በመንገዱ ላይ እያየ ያደገ ሰው አሁን ሊያየው ከተማ መውረድ አለበት።

ጎብኚ አይምጣ አልልም፤ የመራኝ ወጣት ታናናሾቹን የሚያስተምረው በዚሁ ሥራ ነው። ይሁንና ሞራው ለጎብኚ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ሊወስኑ የሚገባቸው እነዚያ ከጥላው የተነሡት አዛውንት ናቸው ብዬ አምናለሁ።