ፎርሙ ፍሪጁ ላይ ነው

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ነርሲንግ ሆም (የአዛውንቶችና የሕሙማን መጦሪያ) ውስጥ ነው የምሠራው። በሽተኛ ሲገባ «አንደበትዎ ቢያዝ ማን ይወስንልዎ? የጻፉት ነገር አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከ1991 ጀምሮ ሆስፒታሉም ነርሲንግ ሆሙም ይህን እንዲጠይቁ የፌደራል ሕግ ያስገድዳቸዋል። አበሻ የገባ ቀን እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ። ለሰው አባት እንደ ውሃ አንቆረቁረዋለሁ፤ ለራሴ አባት ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም።

አባዬን ስትሮክ ጣለው። የመተንፈሻ ማሽን ተገጠመለት። ታላቅ ወንድሜ «ማሽኑ እንዳይነካ!» ይላል፣ እኔ «አባዬ እንዲህ መኖር አይፈልግም» እላለሁ፣ ታናሻችን ኮሪደር ላይ ታለቅሳለች። በሕጉ ቀዳሚዋ ወሳኝ እማዬ ነበረች። እሷ ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ልጆቼ ያሉት ይሁን» አለች። ልጆቿ መቼ አንድ ነገር ተባባልን! በዘጠነኛው ቀን አባዬ ራሱ ገላገለን። የእድሩን መዋጮ አንድ ወር አሳልፎ የማያውቅ ሰው፣ ለቀብሩ ሁሉ ነገር የተሰናዳለት፣ ስለዚያ አልጋ ግን አንዳችን ጠይቀነው አናውቅም።

አርባው እንዳለፈ፣ እማዬ አንደበቷ ቢያዝ የሚወስንላትን ወኪልና የምትፈልገውን ሕክምና አስቀድማ የምታስጽፍበትን ፎርም ይዤ ቤት ገባሁ። ቡና እየተፈላ ነበር። ወንድሜ «ሟርተኛ!» ብሎ ጮኸብኝ። እማዬ ሳቀች። «መገነዣዬን ከአገሬ ይዤ መጥቼ ሻንጣዬ ውስጥ ያስቀመጥኩ ሴትዮ ወረቀት ልፈራ ነው?»

ወኪል የመረጠችው ታናሻችንን ነው። «አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እሱ ይፈራል» አለች፤ እውነቷን ነው። በቱቦ ስለመመገብ ሳነብላት «ምን ሊያበሉኝ? ሽሮ?» ብላ ጎረቤቶቹን አሳቀቻቸው። ማሽን ከመነቀሉ በፊት የንስሐ አባቷ እንዲጠሩ አስጻፈችኝ። እዚህ እንደ ውልና ማስረጃ ሰልፍ የለም፣ ሁለት ምስክር ይበቃል። ወኪሏ ራሷ ምስክር መሆን ስለማትችል ቡና ሊጠጡ የመጡት ሁለቱ ጎረቤቶች ፈረሙ።

የተጣላነው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወረቀቱን ከመገነዣዋ ጋር ሻንጣዋ ውስጥ ልትቆልፈው ስትል። በሌሊት ሆስፒታል ብንሮጥ ማን ቁልፍ ይፈልጋል? ኮፒውን ለሐኪሟ ሰጠን፣ እህቴ በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ ዋናው ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። ወንድሜ እስካሁን ወተት የሚያወጣው ፊቱን አዙሮ ነው።