ቱቦውን ማንም አልነካውም

ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ በምንጭ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚያለማ አነስተኛ መስኖ ላይ የደረሰ ነው። ዋናው ቦይ በሴኮንድ 60 ሊትር ያመጣል። አራት መውጫዎች አሉት፤ አራቱም ውስጣቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 15 ሊትር እንዲሰጡ ታስበው የተቀበሩ ናቸው። በሁለተኛው ወር የመጨረሻው ማሳ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ጣት ሁሉ የተቀሰረው በመጀመሪያው መውጫ ባለቤት ላይ ነበር።

ሰውየው ግን አልዋሸም፦ «አቦ ኢንጂነር፣ ቱቦውን መቼ ነካሁት? የገዛ ቦዬን ነው የጠረግኩት!»

ጠርጎታል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቆ። ጉዳዩም እዚያው ላይ ነው። ሁለቱም ጫፉ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ቱቦ የሚሰጠው መጠን የሚወሰነው በዋናው ቦይና በማሳው ቦይ የውሃ ከፍታ ልዩነት ነው። ግንበኞች የሚይዙት ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ መጥቶ ሲለካ፣ ሌሎቹ ጋ ልዩነቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እሱ ጋ 30 ሆኗል። ፍሰቱ የሚያድገው በልዩነቱ ስኩዌር ሩት ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ውሃው 1.73 እጥፍ ይሆናል። ማባዣውን (በንድፈ ሐሳብ ከሚገኘው ፍሰት በተግባር የሚያልፈውን ድርሻ) 0.62 ብለን ስንሠራው 15.3 ሊትር የነበረው 26.6 ሊትር ይመጣል። በ6 ሰዓት ተራ 330 ሜትር ኩብ መጠጣት የነበረበት ማሳ ከ570 በላይ ጠጣ ማለት ነው። ለአራተኛው የቀረችው 3 ሊትር ያህል ብቻ ነበረች።

ኮሚቴው መጀመሪያ ያደረገው ቱቦው ላይ የላሜራ መዝጊያ አድርጎ በጓጉንቸር መቆለፍ ነበር። አልሠራም። መዝጊያ ግማሽ ተከፍቶ ቢቆለፍም ከታች ያለው ከፍታ እስከተለወጠ ድረስ መጠኑ ይለወጣል፤ ቁልፍ የያዘውም ሰው እንደማንም ዘመድ አለው።

ቀጥሎ ቱቦው ወጥቶ በቦታው 12.5 ሳንቲ ሜትር ክብ ቀዳዳ ያለው ላሜራ በግንብ ተያዘ። የቀዳዳው መሃል ከዋናው ቦይ ውሃ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ውሃው በአየር ላይ ወደ ትንሽ ሳጥን ይወድቃል። የሳጥኑ ውሃ ከቀዳዳው የታችኛ ጠርዝ በታች እስከሆነ ድረስ ገበሬው ጉድጓድ ቢቆፍርም ከ15 ሊትር በላይ አያገኝም። ለዚህ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር መውደቂያ ያስፈልጋል፤ ያ ያለው ደግሞ ቦዩን ያጠለቀው ሰውዬ ብቻ ነው።

ለሌሎቹ ሦስቱ 10 ሳንቲ ሜትሩ ስለማይበቃ ጠባብ ክፍት መውጫ ተሠራላቸው፦ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ወለሉ ከቦዩ ውሃ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ፣ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጠፍጣፋ። በስሌት 15.2 ሊትር ይሰጣል፣ በተግባር ትንሽ ያንሳል። ከ4 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ካገኘ ከታች ያለው ውሃ አይረብሸውም።

መጋቢት ላይ ምንጩ ሲቀንስ የቦዩ ውሃ 4 ሳንቲ ሜትር ወረደ፤ ጠቡም ተመለሰ። ክፍቶቹ 28 በመቶ ሲያጡ ባለቀዳዳው ያጣው 11 በመቶ ብቻ ነው። ቀዳዳ ለመጠን መረጋጋት ይመሰገናል፤ ግን አንዱ ብቻ ሲረጋጋ እጥረቱን የሚሸከሙት ሌሎቹ ናቸው። በአንድ አጭር ቦይ ላይ ሁለት ዓይነት መውጫ ማደባለቅ ከመጀመሪያውም ስህተት ነበር። ላሜራው ተነስቶ አራቱም ክፍት ሆኑ፤ የመጀመሪያው ከፍ ካለ ቦታ ስለሚወድቅ ስሩ ድንጋይ ተነጠፈለት። አሁን ፌስታልና የጫት ገረባ አልፎ አልፎ ይሰካባቸዋል። ግን ከላይ ስለሚታይ ያለፈ ሁሉ በእጁ ያወጣዋል፤ ወለሉ ላይ ድንጋይ የጣለም ወዲያው ይታወቃል።

ግንበኛው ላይ መቆም የሚያስፈልገው ልስን ላይ ነው። እዚያም የመጀመሪያው ክፍት መውጫ ሲገነባ በድንጋዩ 10 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ፣ ከዚያ ግራና ቀኙ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ተለሰነ። ስፋቱ 8 ሆነ፤ ከውሃው አንድ አምስተኛው ሄደ። ወለሉም 1 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት 7 ወይም 8 በመቶ ያዛባል። ስለዚህ ድጋሚ ሲሠራ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን መሃል ተቀምጦ፣ ሲሚንቶው በሱ ዙሪያ ተሞልቶ በማግስቱ ሳጥኑ ተነቀለ።