ሐምራዊው ሲደበዝዝ

ዛሬ ከላብራቶሪ የወጣሁት ግማሽ ደስ ብሎኝ፣ ግማሽ ተናድጄ ነው።

አዲስ የሠራነውን ውህድ በጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ሞክረን ዛሬ ውጤቱን አነበብን። ምርመራው ኤምቲቲ ይባላል። ባለ 96 ጉድጓድ ፕላስቲክ ፕሌት ላይ ቢጫ ፈሳሽ እንጨምራለን። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፤ የሞተው አይለውጥም። እኛ እንግዲህ የምንፈነጥዘው ሐምራዊው ሲደበዝዝ ነው።

ደበዘዘልን! የውህዱ መጠን በጨመረ ቁጥር ቀለሙ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ የጤነኞቹን ሴሎች ፕሌት አየን። እሱም ደብዝዟል። ኤጭ! ፕሌት ላይ ያለ ካንሰርንማ በረኪናም ይገድለዋል። ዋናው ነገር መርጦ መግደሉ ነው።

አማካሪዬ ምንም አልመሰላቸውም። «አንድ ሜቲል ጨምሪበትና እንየው» አሉኝ። ሜቲል አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ትንሽ ቅጥያ ናት። ቀልድ ይመስላል አይደል? በኢማቲኒብ፣ ማለትም ግሊቬክ በሚባለው የካንሰር መድኃኒት፣ የሆነው ግን ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ውህዶች ያልተፈለገ ኢንዛይምም ያግዱ ነበር። አንዲት ሜቲል ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትገባ ያ ጠባይ ጠፋ። በውሃ እንዲሟሟ ደግሞ ሌላ ቅጥያ ተጨመረለት። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ሲኤምኤል ለተባለው የደም ካንሰር ተፈቀደ።

በነገራችን ላይ «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» የሚል ሊንክ የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ መጀመሪያ የት ላይ እንደተሞከረ እዩልኝማ። ፕሌት ላይ ከሆነ ገና አይጥ አለ፤ ከአይጥ በኋላ ደግሞ ሰው።

ለአዲሱ ውህድ የሚያስፈልገው ኬሚካል ታዟል። መቼ እንደሚደርስ እንጃ። እስከዚያ የዛሬውን ሙከራ እደግመዋለሁ።