ዘይትና ስኳር ልታከፋፍል የነበረችው የቁጠባ ማህበራችን

መስሪያ ቤታችን ውስጥ የቁጠባና ብድር ህብረት ስራ ማህበር እናቋቁም ሲባል ፀሀፊ አድርገው የመረጡኝ ታይፕ ስለምችል ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። መስራቾቹ 64 ነን፣ ግማሹ ድሮም አንድ እቁብ ውስጥ ነበር። መተዳደሪያ ደንብ አምጡ ተባለ፣ አንድ ጓደኛዬ የሰፈሩን የሸማቾች ማህበር ደንብ በፍላሽ ሰጠኝ፣ እኔም ስሙን ብቻ ቀይሬ ፕሪንት አረግኩት አለቀ። ጠቅላላ ጉባኤው ደሞ በምሳ ሰዓት ነበርና ማንም ሳያነብ እጁን አውጥቶ ፈርሞ ወደ ምሳው ሄደ።

ማህበራትን የሚመዘግበው ጽ/ቤት ያለችው ባለሙያ ግን አነበበችው። እስክሪብቶዋን እያስኬደች መስመር በመስመር፣ አላማ የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

"እናንተ ዘይትና ስኳር ልታከፋፍሉ ነው እንዴ?"

ምን ልበል። ሳቋን ዋጥ አርጋ "እሱ ይስተካከላል፣ ይሄኛው ነው የሚያስቸግረው" ብላ የባንክ ስሊፑንና የአባላት ዝርዝሩን ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንድ ዕጣ፣ ማለትም አባል የሚገዛው የማህበሩ ድርሻ፣ 500 ብር ነው፣ ሁላችንም ሁለት ሁለት ገዝተናል፣ ጡረታ የተቃረቡት ሹፌራችን ጋሼ ብቻ 24 ዕጣ ገዝተው 12,000 ብር አስገብተዋል። ድምሩ 75,000 ነው፣ ካልኩሌተሩን ስትነካካ የጋሼ ድርሻ 16 በመቶ ሆነ። በአዋጅ 985/2009 አንድ አባል ከተከፈለው ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም። እኛ ደሞ ብዙ ያስገባውን ሰውዬ አጨብጭበንለት ነበር እኮ!

ስሌቱን ስንሰራው 14 ዕጣ ልክ 10 በመቶ ላይ ያርፋል፣ የቀረው 5,000 ወደ ቁጠባቸው ይዙር ተባለ። ማን ይንገራቸው? ፀሀፊው።

"ምነው፣ የኔ ብር ሸተተ?" አሉኝ መኪናውን እየወለወሉ።

"ኧረ ጋሼ፣ እንዳይከፋዎት፣ ህግ ሆኖ ነው።"

"24ም ልግዛ ሁለት ድምፄ አንድ አይደለም? ምን አስፈራቸው ታዲያ?"

እውነት ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው። "ድምፁስ አንድ ነው፣ ግን ነገ ማህበሩን ለቀው ዕጣዎን ልውሰድ ቢሉ ብድር የምንሰጥበት ካፒታል አብሮ ይሄዳል" አልኳቸው። ጨርቁን ጨመቁት፣ ትንሽ ዝም አሉና "እሱስ ጡረታ ስወጣ ላወጣው ነበር" ብለው ሳቁ።

ሁለተኛውን ጉባኤ ቅዳሜ ጠራነው፣ አንቀፅ በአንቀፅ እየተነበበ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከትርፉ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል የሚለው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን፣ "የኛን ትርፍ ማን ነው የሚያስቀምጥብን" የሚል በዛ፣ ግን ቢያንስ ይሄኛውን አንብበው ነው የተጣሉት። ፊልድ የሄዱትን ሁለት ልጆች ፊርማ ስጠብቅ ሌላ ሳምንት ሄደ፣ ከዛ የምዝገባ ሰርተፍኬቱ መጣ።

ጋሼን ቁጥጥር ኮሚቴ አረግናቸው። አሁን ወር በገባ ቁጥር መነፅራቸውን አድርገው ጠረጴዛዬ ጋ ይቆሙና "የደረሰኝ ጥራዙን አምጣው እስቲ" ይሉኛል።