በአንኮበር መንገድ፣ ሦስት ጋኖች

ደብረ ብርሃን በጠዋት ገባሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ብርዱ ግን ሌላ አገር የገባሁ አስመሰለኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ዳሸንም ሐበሻም እዚህ ፋብሪካ አላቸው። እኔን ያመጣኝ ግን የፋብሪካ ቢራ አይደለም። የጓደኛዬ አያት ቤት ከሰኔ ጀምሮ ያልተከፈተ ድፍድፍ አለ ሲባል ሰምቼ ነው።

ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ግራ ቀኙ ገብስ ነው። አጨዳ ተጀምሯል። ጓደኛዬ እንቅልፍ ወስዶታል፤ እኔ ስለ በርሜል አስባለሁ።

ቤቴ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ወዲህ ልቤን የወሰደው ላምቢክ የሚባለው የቤልጂየም ቢራ ነው። ብራስልስ አካባቢ በቀዝቃዛው ወራት ይጠመቃል። እርሾ አይጨመርበትም፤ ትኩሱ የብቅል ጭማቂ በሰፊ ገንዳ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ከአየሩና ከቤቱ የሚገባበት ይበቃዋል። ከዚያ በእንጨት በርሜል ዓመታት ይተኛል። እንጨቱ ትንሽ ትንሽ አየር ያስገባል፤ በውስጡም ብሬታኖማይሲስ የሚባለው እርሾ ይኖራል። ይህን እርሾ እ.ኤ.አ. በ1904 ለዓለም ያስተዋወቀው የዴንማርኩ ቢራ ፋብሪካ የካርልስበርግ ባልደረባ ኒልስ ክላውሰን ነው፤ ያገኘውም ቆይቶ በበሰለ የእንግሊዝ ቢራ ውስጥ ነበር። ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ጊዜ ይፈልጋል።

ጉዝ የሚባለው ቢራ ደግሞ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተደባልቆ ይሠራል። ወጣቱ ገና ያልተበላ ስኳር አለው፤ ጠርሙስ ውስጥ ጋዙን የሚያወጣው እሱ ነው። አሮጌው ጥልቀቱን ያመጣል። የማደባለቁን ልክ የሚያውቀው ቀማሹ ነው፤ እያንዳንዱ በርሜል የየራሱ ጠባይ አለው።

ቤቱ ስንደርስ እማማ ጓዳ አስገቡን። ሦስት ጋን ተደርድሯል። የሰኔው፣ የመስቀሉ፣ ያለፈው ሳምንቱ። የሰኔው አፉ በጭቃ ተመርጓል። ጠላው ለኅዳር ሚካኤል ማኅበር ነው።

ጋን ሳሙና አይነካውም። በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጢስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጢሱ ተዋሲያንን ያዳክማል፤ ሽታውም ከሸክላው አይለቅም። የኦክ እንጨት በርሜል ለቢራ የራሱን መዓዛ እንደሚሰጠው ሁሉ ጋንም የወይራውን ይሰጣል። ብርዱም ያግዛል፤ መብላላቱ ይዘገያል፣ ድፍድፉ ቶሎ አይቆመጥጥም።

እማማ ምርጉን ሲያነሱ ጓዳውን ሽታው ሞላው። ጢስ፣ የተቆላ ገብስ፣ ከሥር ደግሞ የደረቀ ፍሬ የሚመስል ኮምጣጣነት። እንዲህ ያለ ሽታ ከአገር ውስጥ መጠጥ አሸትቼ አላውቅም ነበር።

«እማማ፣ የትኛው ይሻላል?» አልኳቸው።

«የሚሻል የለም፣ ልጄ። አሮጌው ብቻውን ራስ ያዞራል። አዲሱ ብቻውን ውሃ ነው።»

ከሰኔው ድፍድፍ ሁለት ጭልፋ ማሰሮ ውስጥ አደረጉ። በውሃ ከማቅጠን ይልቅ የመስቀሉን ጠላ ሞሉበት። ከሳምንቱም ጥቂት ጨመሩና በጨርቅ አጠለሉት። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሳምንቱ ትንሽ ደገሙበት።

አዲስ አበባ ውስጥ የኦክ በርሜል ከውጭ ስለማስመጣት ከሚያወሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ ጋንን በደንብ እናጥና። በየትኛው ጋን ምን ያህል እንደቆየ እንመዝግብ፣ እያደባለቅን እንቅመስ። ይህን እጅ የያዙት እናቶች በሕይወት እያሉ አጠገባቸው ቁጭ እንበል። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

«እስቲ አንተ አድርገው» አሉኝ፣ ጭልፋውን ሰጥተው።

በመጀመሪያው አሮጌውን አበዛሁት። ቀምሰው «ከበደ» አሉ። በሁለተኛው አዲሱን አበዛሁ። «ይሄ ደግሞ ላላ፣ ልጄ።» በሦስተኛው ከመስቀሉ አስበልጬ፣ ከሰኔው አንድ ጭልፋ ብቻ ጨመርኩ። መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረግሁላቸው። ቀመሱና ምንም አላሉም። ጣሳቸውን ዘረጉልኝ።