የአድአ ልጅ ሆኜ ዘር ቀበርኩ

እህቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ ሁለት ፓኬት ስናፕድራገን የሚባል አበባ ዘር ይዛልኝ መጣች። አጭሩ ዓይነት ነው፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚያድገው። ለበረንዳ ከሱ ሌላ አትሞክሩ። ረጅሙ ወደ አንድ ሜትር ስለሚጠጋ የአራተኛ ፎቅ ነፋስ ይሰብረዋል።

ዕቃው ቀላል ነበር። ሁለት የቀለም ባልዲ አጠብኩ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር በሳሁ፣ አፈርና አሸዋ ቀላቅዬ ሞላሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ሰውዬ ጠየቅኩ። "ጣትሽን እስከ አንጓው አስገቢና ቅበሪው። ፍግ አብዢበት። ጠዋትና ማታ አጠጪ" አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ግንቦት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ በረንዳ እሮጣለሁ። ምንም የለም። አንድ ቀን አረንጓዴ ነገር አይቼ እልል ልል ስል፣ ከፍጉ ጋር የመጣ አረም ሆኖ ተገኘ። እህቴ ጋ ደውዬ "ዘርሽ የሞተ ነው" አልኳት። ለተወሰነ ጊዜ ተኮራረፍን።

በኋላ ፓኬቱን ገልብጬ አነበብኩት። በደቃቅ ፊደል፣ ዘሩ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይልበስ ይላል።

የስናፕድራገን ዘር ከጤፍም ያንሳል። አንድ ግራሙ ከ5,000 ፍሬ በላይ ነው። እኔ ደግሞ የጤፍ አገር የአድአ ልጅ ነኝ! አባቴ መሬቱን በከብት አስረግጦ ጤፉን ከላይ በትኖ ነበር የሚሄደው። ጤፍ በጣቱ የሚቀብር ገበሬ በሕይወቴ አላየሁም። ሰውዬው ጎመን ነው የሚያውቀው፣ ይሁን። እኔን ምን ነካኝ?

ሰኔ ላይ ከሁለተኛው ፓኬት ግማሹን አፈሩን በመዳፌ ጠፍጥፌ ከላይ በተንኩ። ስስ ፌስታል አልብሼ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። በአሥረኛው ቀን በቀለ። ደስታዬ ልክ አጣ። ፌስታሉን ሳላነሳ፣ በጆግ ከላይ ከላይ አጠጣሁት። አንድ ጠዋት ስነሳ ግማሹ አንገቱ ላይ በክር የታነቀ መስሎ ተኝቷል። እርጥብ አፈርና የታፈነ አየር የሚወደው ሻጋታ ነው። በማግስቱ የቀረውም ተከተለ።

እና የኔ ምክር ይኸው። አረንጓዴ ባያችሁበት ቀን ፌስታሉን አንሱ። ውኃ ከላይ አታፍስሱ፤ ዕቃውን ውኃ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡትና አፈሩ ከታች ይጠጣ። ፍግ ለጨቅላ ችግኝ አይሰጥም፣ ማንም ምንም ቢል።

ፓኬቱ "ውርጭ ሲያልፍ፣ በፀደይ ትከሉ" ይላል። እሱ ለአሜሪካ ነው። አዲስ አበባ ላይ መስከረም መባቻ ዝሩ። በክረምቱ ዝናብ የቅጠሉን ሆድ ዋግ ይመታዋል፣ እንደ ስንዴው። ከዘር እስከ አበባ ከሦስት እስከ አራት ወር ስለሚፈጅ ለገና ይደርስላችኋል።

በሦስተኛው ዙር አሥራ አንድ ችግኝ ተረፈልኝ። አራት ጣት ያህል ሲሆኑ ጫፋቸውን ቀነጠብኩ፣ ቅርንጫፍ እንዲያወጡ። አንዱን አሳዝኖኝ ተውኩት። እሱ ብቻውን እንደ ዱላ ቆሞ ቀረ።

ለገና ቀይና ቢጫ ሆኖ ፈነዳ። የጎረቤት ልጆች አበባውን ከጎንና ከጎን እየጫኑ አፉን ያስከፍቱታል። ቀድሜ ባላባርራቸው ለዘር አይተርፈኝም ነበር።

የላይኛው ፎቅ እትዬ ዘር ስጪኝ አሉ። ሲደርቅ አራግፌ በወረቀት ቋጥሬ ሰጠኋቸው። "እትዬ፣ እንዳይቀብሩት። እንደ ጤፍ ይበትኑት።"

"እሺ ልጄ" አሉ።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። "ዘርሽ የሞተ ነው።"